የነስሩ ሐሙስ

«ሐኪም፣ ነስሩ ሐሙስ ሳይመጣ ቀረ።»

ዘሀራ በስልክ ያለችኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። እኔም «ሞተ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም ሐሙስ ያላጎደለ ሰው ከቀረ ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ወልቂጤ ነው። ኮቴን ደርቤ ወደ መኪና ተራ ወረድኩ፤ ቡታጅራ እስክደርስ ድረስም ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የሚያወራልኝን አንድም ቃል አልሰማሁም።

ሐኪም የምትለኝ በልማድ ነው። ሐኪም ሆኜ አላውቅም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ቡታጅራ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ስብራት አስራለሁ። የቡኢ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ወልዴ ነው። ያኔ እጄ ላይ ከሚወድቀው ቁስል ግማሹ በሽታ ያመጣው ሳይሆን ሰው በሰው ላይ የሠራው ነበር። ዱላ፣ አለንጋ፣ ማጭድ፣ አንዳንዴም ጥይት። ነስሩንም ያወቅኩት በቁስል ምክንያት ነው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አባቱን ፊት ለፊት አቅፎ ገባ። የሽማግሌው እጆች በልጁ አንገት ዙሪያ ተጠምጥመዋል፤ ጀርባቸው ስለተተለተለ በሌላ መንገድ መሸከም አልቻለም። ሸሚዛቸው ከሥጋቸው ጋር ተጣብቋል። ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ ክር በክር ሳላቅቀው አቶ ሸምሱ ትንፍሽ አላሉም። ጥርሱን የሚያፋጨው ልጃቸው ነበር።

«ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«ጭቃ ሹሙ! ከድር!»

«ምን አጥፍተው?»

«ሁዳድ አረፈዱ!»

እየጮኸ ነው የሚመልስልኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሁልጊዜም እንደዚያ እንደሚናገር ተረዳሁ። ሞተር ሥር ኖሮ ኖሮ አንድ ጆሮው ደንቁሯል። ቢያንሾካሹክ እንኳ ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ አገር ትልቁን ምስጢር ይዞ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ሁዳድን የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ልንገራቸው። ጭሰኛው የራሱን ማሳ ትቶ የባላባቱን መሬት በነጻ የሚያርስበት፣ የሚያርምበትና የሚለቅምበት ሥራ ነው። በእነነስሩ መንደር የሁዳድ ቀን ሐሙስ ነበር፤ በርበሬ ሲደርስ ግን ቀን የሚባል ነገር አይቀርም። መሬቱ የአንድ ቀኛዝማች ነው። እሳቸው አዲስ አበባ ተቀምጠው አለንጋውን ለጭቃ ሹሙ ትተውለታል። ከድር የዚያው መንደር ሰው ነው፤ አብሯቸው የሚሰግድ፣ አብሯቸው የሚቀብር። የገረፋቸውን ሰዎች ሁሉ በስማቸው ያውቃቸዋል።

አባትየው እስኪድኑ ነስሩ በየቀኑ ይመላለስ ነበር፤ በዚያው ወዳጅ ሆንን። ቡታጅራ ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋ ሰው። ሞተር ሲያመው በጆሮው አይደለም የሚያዳምጠው፤ መዳፉን ይለጥፍበትና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ የሰው ደረት ላይ መሣሪያዬን ሳሳርፍ ቁጭ ብሎ ያይና «ያንተ ሥራ ይቀላል፤ ያንተው ታማሚ ይናገራል» ይለኝ ነበር። እንደሱ ያለ ቀልደኛም እንደሱ ያለ ግትርም አላየሁም።

አንድ ቀን ለውለታዬ ብሎ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። አጠቃለሉን አየሁት፤ እጥፉ፣ አስተሳሰሩ፣ ሁሉም ልቅም ያለ ነው። «ይኼማ የሴት እጅ ነው! ማን ጠቀለለልህ?» ብዬ ሳቅኩበት። ፊቱ ተለዋወጠ። በሩን ዘጋና፣ በቻለው መጠን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። እናቱ ሴት ልጅ አልነበራቸውም። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ እንሰቱን አብሯቸው የፋቀው፣ ቆጮው የሚቀበርበትን ጉድጓድም የቆፈረው እሱ ነው፤ አጥሩን ዘግተው፣ ከሰው ተደብቀው። በዚያ አገር እንሰት መፋቅና ጉድጓዱ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አጠገቡ አይደርስም፤ ሲሠራም ቆሞ አያይም። «ለማንም እንዳትናገር፤ አባቴ ያፍራሉ» አለኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ለምንስ እናገራለሁ? ያኔ የልጅነት ወሬ ነበር።

ሮቦት የሚለውን ቃልም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። ነስሩ በጉርምስናው አዲስ አበባ ሄዶ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። አለቃው ሙሴ ያን የሚባል ቼክ ነበር። ነስሩ እንደነገረኝ ይህ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ስለ አገሩ ያጫውታቸዋል።

«በሱ አገር ድሮ ገበሬው በሳምንት ሦስት ቀን ለጌታው በነጻ ይሠራ ነበር» አለኝ ነስሩ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን። «ያ ሥራ ሮቦታ ይባላል። ይታይህ፤ ፈረንጅም ሁዳድ ነበረው!»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ የቲያትር ደራሲ ተነሳ። ሰው የሚመስሉ፣ ሰው የሠራቸው ሠራተኞች በቲያትሩ ውስጥ ፈጠረ። ስም አጣላቸው። ሠዓሊ ወንድም ነበረው፤ እሱን ጠየቀው። ወንድሙ ብሩሹን በአፉ ይዞ ‹ሮቦት በላቸው› አለው አሉ፤ ከሮቦታ አምጥቶ። ይኸው ዓለም ሁሉ ማሽኑን ሮቦት ይለዋል። እኔ ግን ባለሁዳዱ ነው የምለው።»

«ከዚያስ? ቲያትሩ እንዴት አለቀ?»

ፊቱን አጨፈገገ። «ተነሡና ጌቶቻቸውን ፈጇቸው። እሱን አልወደድኩትም። ሁዳዱን ማሽን ከሠራ ሰው ያርፋል፤ መገዳደል ምን አመጣው?»

ይህን ሐሳብ ዝም ብሎ ለወሬ አላለውም። ሲያድርበት፣ ሲያብሰለስለው ቆይቶ አንድ ቀን ቀኛዝማቹ ለበርበሬ ለቀማ ሲመጡ ፊታቸው ቆመ። ትራክተር ቢገዙ ሁዳድ የሚሠራ ሰው እንደማያስፈልግ፣ ነድቶም ጠግኖም የሚያሠራው እሱ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ እንደሚለምናቸው ነገራቸው፤ ትራክተሩ ከመጣ ሁዳድ ይቅር። ቀኛዝማቹ በሽማግሌዎች ፊት «ይቅር» አሉ። እንዴት ያለ ሞኝነት ነበር! የእኔም ጭምር። እኔም እኮ እንደሱው ደስ ብሎኝ ነበር።

ትራክተሩ የቼክ ሥሪት ነበር፤ ነስሩ ራሱ ነው የመረጠው። መጥቶ የቀኛዝማቹን ማሳ በጥቂት ቀናት ገለባበጠው። ጭሰኞቹ ሐሙስ ዕለት ጀፎረው ላይ፣ ያ በቤቶቹ መካከል የሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ ተቀምጠው ሁዳዱ ያለ እነሱ ሲታረስ አዩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ለነስሩ ዱዓ አደረጉለት። አቶ ሸምሱ ተጠግተው ጎማውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ልጃቸውን ግን ግንባሩን ሳሙት። የነስሩን ፊት ያን ቀን ያየ ሰው፣ ሌላ ደስታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም።

በሁለተኛው ዓመት በልግ ከመግባቱ በፊት ትእዛዝ መጣ። ቀኛዝማቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ሁዳድ ቀርቷል። ሁዳድ የማይሠራ ጭሰኛ ደግሞ መሬቱ ላይ ምን ይሠራል? መንደሩ በሙሉ ይነሳ፣ ቤቱም እንሰቱም ይታረስ፣ በርበሬ ይዘራበት።

ያን ቀን የመንደሩ ሰዎች ነስሩን ሊገድሉት ነበር። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ጀፎረው ላይ ጠበቁት። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮ ግንዱን አገኘው፤ ከወደቀ በኋላ በዱላና በእርግጫ ተረባረቡበት። ግንባሩን የሳሙት አባቱ በራቸው ላይ ቆመው አዩ፤ አልወጡም። ተጎትቶ ክሊኒክ ሲደርስ የራስ ቅሉ ነጭ አጥንት ይታይ ነበር። ማደንዘዣ አልነበረኝም። ስሰፋው ያለቀስኩ ይመስለኛል። ነስሩ ጣራውን እያየ «እውነታቸውን ነው» ብቻ ይል ነበር። «እውነታቸውን ነው ወልዴ። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ዳነ፤ ግን ለመንደሩ ሞተ። አሰላሙ ዓለይኩም ሲል የሚመልስለት ጠፋ። እሳት የሚያበድረው የለም። መስጊድ ሲቆም ከግራና ከቀኙ ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል። እናቱ ብቻ አጥሩ ላይ ምግብ ያስቀምጡለት ነበር። ቀልዱ አለቀ። አገር ጥሎ እንዲጠፋ መከርኩት፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ቀኛዝማቹ ዘንድ ሄዶ ለመነ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ። አስመትተው አስወጡት። እሱ ካልነዳ ሌላ ሾፌር አዲስ አበባ ሞልቷል አሉት። ተመልሶ መጣና «እኔው እነዳለሁ» አለኝ። ስሰማው ጠላሁት። እውነቱን ነው የምናገረው፤ ያን ቀን ነስሩን ጠላሁት።

የማፍረሱ ቀን ሐሙስ ዋለ። አንዲት ሴት ክንዷ ተሰብሯል ብለው ስለጠሩኝ እኔም እዚያው ነበርኩ። ቀኛዝማቹ ያስመጧቸው ታጣቂዎች፣ ነጭ ለባሾቹ፣ ጠመንጃ ይዘው በጀፎረው ላይ ተሰልፈዋል። ሰዉ እቃውን እያወጣ ያለቅሳል፤ እምቢ ያለ በሰደፍ ይመታል። ጭቃ ሹም ከድር አለንጋውን እንደያዘ ትራክተሩ የቀኝ ጎማ መሸፈኛ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ከሾፌሩ ቤት እንጀምር!» አለ። «ሌላው አይቶ ይወጣል!»

አቶ ሸምሱ እንሰታቸው ፊት ቆሙ። አንዱ ነጭ ለባሽ በሰደፍ ደረታቸውን ሲላቸው ጥላቸው ሳይቀር የተሰበረ መሰለኝ። ነስሩ አየ። ወርዶ ሊያነሳቸው ነው ስል ማርሹን አስገባ። ትራክተሩ እንሰቱ ውስጥ ገባ። ለሰባት ዓመት፣ ለስምንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት እየተሰነጠቀ፣ ነጭ ሥጋው እየተፈናጠረ ወደቀ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ሦስተኛውን ረድፍ ሲጨርስ ነስሩ መሪውን በትንሹ ወደ ቀኝ አዞረ። ደረቅ ቅጠልና ሣር የተከመረበት ቦታ ነበር።

የፊቱ ጎማ መሬቱን ሰብሮ ገባ። ማሽኑ ለአንድ አፍታ ቀጥ አለ፤ ከዚያ በቀኝ ጎኑ ተገለበጠ። የቆጮው ሽታ አካባቢውን ሞላው። ስደርስ ከድር ከደረቱ በታች አይታይም። ነጩ ቆጮ ቀይ ሆኗል። እጄን ይዞ ሁለት ጊዜ ጨመቀኝ፤ ሦስተኛውን አልጨመቀም። የነስሩ ግራ እግር መሪው ሥር ተጨፍልቋል። ነጭ ለባሾቹ ደንግጠው ሲተኩሱ አንድ ገበሬ ጭኑን ተመታ፤ ሰዉም በድንጋይ ወረደባቸውና ሸሹ። የነስሩን እግር ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ጠማማ ሆኖ የቀረውም በእኔ እጅ ነው። ይህ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ነስሩ ሆን ብሎ ሰው ገድሏል ተብሎ አውራጃው ፍርድ ቤት ቀረበ። ነገሩ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፤ ጉድጓዱ እዚያ እንዳለ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ካወቀ ስቅላት ነው። አቶ ሸምሱ ደረታቸው እንደታሰረ መጥተው ማሉ፤ የቆጮ ጉድጓድ የሴት ነው፣ እኔ ራሴ የቤቴን አላውቀውም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌዎቹም ተከታትለው ይህንኑ ማሉ። ያገለሉት ሰዎች ናቸው የማሉለት። ዳኛው የሌላ አገር ሰው ስለነበሩ ነገሩ አልዋጥ አላቸው። የጉዳቱን ማስረጃ ለማቅረብ የመጣሁትን እኔን ጠየቁኝ።

«እንዲህ ያለ ልማድ በእርግጥ አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይህ ሰው አያውቅም ትላለህ?»

ነስሩ ቀና ብሎ አየኝ። ልመና አልነበረበትም። እንደው አየኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ከዚያ «እኔ አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ። ከማልኩ በኋላ የዋሸሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዳኛው አሁንም አላመኑም። የሟቹን ሚስት አስነሱ። ዘሀራ ልጇን ጡት አጉርሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ገና የሃያ ዓመት ልጅ። ለነስሩ የፈራሁት ያኔ ነው። የገደለባትን ሰው አንገት በአንዲት ቃል ልታስበጥስ ትችላለች።

«አንቺ ሴት ነሽ፤ ንገሪኝ። ወንድ ልጅ ጉድጓዱን ሊያውቀው ይችላል?»

ነስሩን ትኩር ብላ አየችው። «አይችልም» አለች።

በዚህች ቃል ተለቀቀ። ቀኛዝማቹ ሌላ ትራክተር እስኪያመጡ አገሩ ራሱ ተገለበጠና መሬቱ ለአራሹ ሆነ። መንደሩም እዚያው ቀረ፤ እንሰቱም እንደገና ተተከለ። ሰዎቹ ለነስሩ ሰላምታ መመለስ ጀመሩ። ሳቁ ግን አልተመለሰም።

ከእስር በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ እያነከሰ በሬዎቹን ነድቶ ዘሀራ ማሳ ሲገባ ታየ። ሲያርስ ዋለ፤ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። በሳምንቱም መጣ። ሰዉ መጀመሪያ ሊያገባት ነው ብሎ አማው። አላገባትም፤ ሌላ አግብቶ ወለደ። ሐሙስ ግን የዘሀራ ነው። አረሰላት፣ እንሰት ተከለላት፣ አጥር አጠረላት። የሞተር ሥራ ቢመጣለት፣ ልጁ ቢዳር፣ እግሩ ቢያብጥ፣ ሐሙስ አይቀርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለታችንም ከሸመገልን በኋላ፣ ያን ነገር አነሳብኝ። «መሪውን ከማዞሬ በፊት ‹ውረድ› ልለው እችል ነበር ወልዴ» አለኝ። «አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት።» በሕይወቱ ሲያንሾካሹክ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አፍ ከፍቶ መዝጋት እኔም አውቀዋለሁ።

የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ሐዘንተኛው ሲበተን ዘሀራ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። የነስሩ ዶማ በሯ ላይ ተደግፏል፤ እጀታው እጁ በሚያርፍበት በኩል ጎድጉዷል። ምስጢሩን ልነግራት ነው የመጣሁት። ይህን ያህል ዓመት ዝም ማለት በቃኝ፤ ማወቅ መብቷ ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር።

«ዘሀራ፣ ፍርድ ቤት የዚያን ቀን . . .»

«ተወው ሐኪም» አለችኝ። «ያደግኩት እኮ ከእነሱ አጥር ማዶ ነው። ጉድጓዱን ሲቆፍር በአጥሩ ቀዳዳ አየው ነበር። አፈሩን በቅርጫት ያወጣ ነበር፣ እናቱ ይዘፍኑለታል።»

«ታዲያ ለምን አዳንሽው?»

«ቢሰቀል የአንድ ቀን ነገር ነው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ይቅርታም አልነበረም። «እኔ ልጅ ታቅፌያለሁ። ቀኖቹን ሁሉ ፈለግኋቸው። ሲፈታ አጥሩ ጋ ሄድኩና ‹ጉድጓዱን ሲቆፍር ያየሁት ሰው ሐሙስ ሐሙስ ማሳዬን ያርሳል› አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሱም አልጠየቀኝም።»

ዶማውን አየሁት። ሁዳድ ከአገር እንዲጠፋ ብሎ ያን ሁሉ ያመጣ ሰው!

«ዕድሜውን ሙሉ አሠራሽው?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጨከን ያለ ነበር፤ ተጸጸትኩ።

«አላሠራሁትም» አለች ዘሀራ። «ልጄ በሬ የሚጠምድበት ዕድሜ ሲደርስ፣ እዚሁ በር ላይ ውሃ ሰጠሁት። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ከእጄ የጠጣው። ‹ነስሩ፣ ይበቃሃል፤ ከእንግዲህ አትምጣ፤ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ራሱን ነቀነቀና ሄደ» አለች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። «በሚቀጥለው ሐሙስ መጣ።»